ከላይም ከታችም አሥራ ዘጠነኛ

የስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፈተና ውጤት አሰላ የደረሰው በሐምሌ መጨረሻ ነበር። ጭላሎ ከደመና ወጥቶ ከታየ ሳምንታት አልፈዋል፤ የትምህርት ቤቱም ግቢ እግር እየያዘ የሚያስቀር ጭቃ ሆኗል። ዳይሬክተሩ በረንዳው ላይ ቆመው ወረቀታቸውን ሲዘረጉ፣ እኛ ሠላሳ ሰባት ተማሪዎች ከነወላጆቻችን ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ተጠጋግተን ቆመን ነበር። ከመካከላችን ሴቶቹ አራት ብቻ ነበርን።

መጀመሪያ የስድስት ልጆች ስም ተጠራ። እነሱ በመንግሥት ወጪ አዲስ አበባ ገብተው እንደሚማሩ ተነገራቸው፤ እናቶቻቸው እልል አሉ። ቀጥሎ ያላለፉት አሥራ ሁለት ልጆች ተጠሩና ዓመቱን እንዲደግሙ ተመከሩ። ከዚያ ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አጠፉት። «የቀራችሁት አልፋችኋል፤ እንግዲህ ቦታ ፈልጉ» አሉና ወደ ቢሯቸው ገቡ።

እኔ ከቀሩት ነበርኩ። ከሠላሳ ሰባት አሥራ ዘጠነኛ ወጥቻለሁ። ቤት ስገባ ታላቅ ወንድሜ በጣቱ ቆጥሮ፣ ከላይ ቢቆጠርም ከታች ቢቆጠርም አሥራ ዘጠነኛ መሆኔን ነገረኝ። ሊያበሽቀኝ ብሎ ነው፤ እኔን ያበሸቀኝ ግን ነገሩ እውነት መሆኑ ነው።

በዚያ ዘመን የአሰላው ትምህርት ቤት ከስምንተኛ አያልፍም ነበር። ከዚያ በላይ መማር የሚፈልግ ከጠቅላይ ግዛቱ መውጣት ነበረበት። ጎበዞቹን መንግሥት ያስወጣቸዋል። የወደቁት እዚያው ይደግማሉ፤ ካልሆነም ወደ እርሻው፣ ወደ ሱቁ ወይም ወደ ትዳር ይሄዳሉ። የመካከለኛውን ጉዳይ ግን ማንም አላሰበበትም። አልፈሃል ይባላል፤ ወዴት እንዳለፈ የሚነግረው የለም።

አባቴ እህል ነጋዴ ነበር። አያቱ ከሸዋ መጥቶ አርሲ ላይ የቀረ ሰው ሲሆን፣ እሱ ራሱ ተወልዶ ያደገው አሰላ ነው። ከገበሬው ጋር በኦሮምኛ ተከራክሮ ገብስና ስንዴ ይገዛል፤ የገዛውንም ወደ ናዝሬት ይጭናል። ንግግሩ ቁጥብ ነው። ስንዴ ሲገዛ የጆንያውን አፍ አያይም፤ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ ከሥሩ ያለውን ዘግኖ ነው የሚያወጣው። አማርኛ ማንበብ ይችላል፤ ግን ጣቱን ከፊደሉ ሥር እየጎተተ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሚያነብ ያወቅሁት በዚያ ክረምት ነው።

እናቴ ገና ውጤቱን እንደሰማች መልሱን አግኝታ ነበር። አዲስ አበባ ታላቅ እህቷ አለች። ቤቷ ካለው ቀን ትምህርት ቤት ብዙም አይርቅም። እዚያ አድሬ፣ እዚያ በልቼ፣ ጠዋት ተነሥቼ መማር ነው። ወጪው ደብተርና ዩኒፎርም ብቻ ይሆናል። ለእናቴ ከዚህ የቀለለ ነገር አልነበረም፤ አክስቴም ብትሆን ሥጋዋ ናት።

እኔ ምን እንደምፈልግ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቢጠይቁኝም የምመልሰውን አላውቅም ነበር።

በነጋታው ወደ ሒሳብ መምህራችን ሄድኩ። ከህንድ አገር የመጡ፣ ቀጭን፣ ነጭ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። አማርኛን ከቤት ሠራተኛቸው ስለተማሩት ወንዱንም ሴቱንም፣ ዳይሬክተሩንም ጭምር «አንቺ» ይላሉ። ውጤቴን አይተው አላዘኑብኝም፤ ደስ ያላቸውም አልመሰሉም። አንዲት ወረቀት ቀደው ሦስት መስመር ጻፉና እየጠቆሙ አስረዱኝ። አንደኛው እናቴ ያለችው የአዲስ አበባ ቀን ትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛው ናዝሬት፣ ከአንድ ሐኪም ቤት ጋር የተያያዘ የነርሶች ማሠልጠኛ ነው። ሦስተኛው ሐረር ያለ የመምህራን ማሠልጠኛ ነው፤ መግቢያ ፈተና አለው፤ ያለፈውን ግን ያለክፍያ ያሳድራል፣ ይመግባል፣ ሲጨርስም ሥራ ይሰጣል።

«ለጎበዝ ሁሉም በር ክፍት ነው» አሉኝ። «ለአንቺ ደግሞ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ ሄዶ ማየት ነው።»

ወረቀቷን ለአባቴ ሰጠሁት። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ አነበብኩለት። ሰማኝና በማግስቱ ለእናቴ ሦስቱንም ቦታ ራሱ ሄዶ እንደሚያይ፣ እኔንም ይዞኝ እንደሚሄድ ነገራት። እናቴ ትምህርት ቤት ምኑ ይታያል ብላ ተከራከረችው። እሱ በሬ እንኳ ጥርሱን ሳያይ ገዝቶ እንደማያውቅ፣ ልጁንም ባላየው ቤት እንደማያስቀምጥ ነገራት። እሷም ቢያንስ ፍልሰታ እስኪፈታ ጠብቁ አለች። ጠበቅን።

ፍልሰታ በተፈታ በሁለተኛው ቀን ገና ሳይነጋ ከልብሳችን በላይ ጋቢ ደርበን፣ ስንዴ የጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥን። ከአሰላ ወደ አዋሽ የሚወርደው መንገድ በክረምት መንገድ ሳይሆን ወራጅ ውኃ ነው። ሁሩታ መገንጠያውን አልፈን ትንሽ እንደሄድን መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ግማሽ ቀን ቆምን። አባቴ ጫማውን አውልቆ ከረዳቱ ጋር ድንጋይ ሲደረድር ዋለ። ናዝሬት ስንደርስ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። የሚያውቀው እህል ነጋዴ ቤት አደርን፤ ጠዋት ታጥቦ፣ ኮቱን ለብሶ ወደ ሐኪም ቤቱ ወሰደኝ።

የናዝሬቱ ነገር ብዙ አልቆየም። የነርሶቹ አለቃ ደግ ሴት ነበሩ። ሥራው ምን እንደሚመስል ብታይ ይሻላል ብለው ቁስል ወደሚታጠብበት ክፍል አስገቡኝ። አንድ ገበሬ እግሩን መጥረቢያ መትቶት ተቀምጧል። ፋሻው ሲፈታ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጣሪያውን ነው። ወድቄ ነበር። ገበሬው ራሱ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ውኃ እንዲሰጡኝ ይጮህ ነበር አሉ።

ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሎሚ ሲያሸቱኝ አባቴ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። በኀፍረት ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

«በይ እንግዲህ፣ አንዱ ወጣልን» አለ። «ሦስት ነበር፤ ሁለት ቀረን።»

ሳላስበው ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። አባቴ ሲስቅ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው፤ አንዱ ያን ጊዜ ነው።

ከናዝሬት በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባን። አክስቴ በር ላይ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ፤ አለቀሰችም። ቤቷ ሁለት ክፍል ሆኖ አምስት ልጆች ነበሯት፤ ባሏ በአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነው። ዶሮ ታረደልን። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ዛሬም ቢሆን ክፉ ነበረች አልልም። ነገር ግን ሠራተኛዋ በሰኔ ጥላት ሄዳ ነበር። እራት ስንበላ ወጥ መሥራት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጠዋት ውኃ የሚቀዳበትን ቦንቧ አሳየችኝና ወረፋው ከመርዘሙ በፊት መሄድ እንደሚሻል መከረችኝ። ትንሹን ልጇን እያሳዘለችኝ ከእኔ ጋር ቶሎ እንደሚላመድ ነገረችኝ። ሁለት ቀን ቆየን። በሁለቱም ቀን ስለ ትምህርት ቤቱ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።

አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ያይ ነበር። ትምህርት ቤቱን ሄደን አየነው፤ ትልቅ ግቢ ነው፣ ሕንጻው ያምራል። ጸሐፊው በትሕትና ምዝገባው ጳጉሜን ላይ እንደሆነና የእኔ ውጤት እንደሚያስገባኝ ነገረን። ሁሉም ነገር እናቴ እንዳለችው ነበር። አባቴ አመስግኖ ወጣ፤ በር ላይ ቆሞም ለረዥም ጊዜ መንገዱን አየ። ከዚያ ከአክስቴ ቤት እስከ ትምህርት ቤቱ የሚወስደውን ጊዜ ሳይሆን፣ አክስቴ ቤት ስንት ሰዓት ላይ ተኝቼ እንደነበር ጠየቀኝ። ዕቃ አጥቤ እስክጨርስ ከሁሉም በኋላ እንደተኛሁ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

በማግስቱ ጠዋት ለአክስቴ ሐረር የምናየው ጉዳይ እንዳለን፣ የሚሆነውን በደብዳቤ እንደምናሳውቃት ነግሮ ተሰናበታት። ባቡር ጣቢያ ስንደርስ ሦስተኛ ማዕረግ ቲኬት ቆረጠ። አግዳሚዎቹ እንጨት ናቸው፤ ከእኛ ፊት ለፊት ዶሮ በቅርጫት የያዘች ሴትና ሁለት የድሬዳዋ ነጋዴዎች ተቀምጠዋል። ሞጆን፣ ናዝሬትን አልፈን ወደ ቆላው ስንወርድ ጋቢያችንን አወለቅን። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ የሚገባውም ነፋስ ሙቅ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ነፋስ ከዚያ በፊት አላውቅም።

አዋሽ ላይ ባቡሩ ቆሞ፣ ሙዝና ሻይ ገዝተን ከበላን በኋላ ነው አባቴ መናገር የጀመረው። መስኮቱን እያየ ነበር የሚያወራው።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ትምህርት እንዲማር ብሎ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ላከው። ዘመዱ አጠገባቸው ካለ ቄስ ዘንድ ሊያስተምሩት ቃል ገቡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ፊደል ቆጠረ። ከዚያ በቅሏቸው ታመመችና እሷን የሚጠብቅ ሰው ጠፋ። በቅሏ ስትድን እንጨት የሚያመጣ ጠፋ። እንጨቱ ሲገኝ ደግሞ እንግዳ መጣ። እንደዚህ እየሆነ ሦስት ዓመት አለፈ። ማንም አልመታውም፣ ማንም አልሰደበውም፤ በልቶም ያድራል። ብቻ ወደ ቄሱ የሚሄድበት ቀን አልተገኘም። አሰላ ሲመለስ አባቱ መጽሐፍ አምጥቶ አንብብልኝ አለው። ማንበብ አቃተው። አባቱ መጽሐፉን መልሶ አስቀመጠው።

«ሰነፍ መስዬው ሞተ» አለኝ። «አልነገርኩትም። ዘመዶቹን የማሳጣ መሰለኝ።»

ያን ጊዜ ነው ዞር ብሎ ያየኝ።

«አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?»

በሕይወቴ ይህን ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር። ጎበዝ ብሆን ኖሮ ሐኪም መሆን፣ ወይም አውሮፕላን መንዳት እል ነበር ይሆናል። የመጣልኝ ግን ሌላ ነው።

«ሰው ቤት ማደር አልፈልግም፣ አባባ» አልኩት። «ሌላውን አላውቅም።»

«ይበቃል» አለ። «ከዚህ እንጀምራለን።»

ድሬዳዋ አድረን በማግስቱ በመኪና ተራራውን ወጥተን ሐረር ገባን። ለመንገደኛ አልጋ የምታከራይ ሴት ቤት ዕቃችንን አስቀምጠን ወደ ማሠልጠኛው ሄድን። ፈተናው ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። ጸሐፊው ስሜን መዘገበ፤ ሌሎች ብዙ ልጆችም ከየአገሩ መጥተው ግቢው ውስጥ ተበትነው ያጠናሉ። ሁሉም ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ መሰለኝ።

አባቴ ግን ዳይሬክተሩን ላግኝ አላለም። የወጥ ቤቱ ጭስ የሚወጣበትን አቅጣጫ አይቶ በጓሮ ዞረ። አፍሬ ከኋላው ተከተልኩት። በሩ ላይ አንዲት ጎልማሳ ሴት ምስር ትለቅማለች። በኦሮምኛ ሰላም አላት፤ አነጋገሩ ከእሷ ትንሽ ስለሚለይ ከየት እንደመጣ ጠየቀችው። ከአርሲ ነኝ ሲላት የሚቀመጥበት ዱካ አወጣችለት። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ተጨዋወቱ። ለእህል ሻጭ የሚያቀርበውን ጥያቄ ሁሉ አቀረበላት። ተማሪዎቹ በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ? ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም የጾም ወጥ አለ? እስላሞቹስ? ልጅ ሲታመም ማን ያየዋል? የሴቶቹ መኝታ ቤት ቁልፉ ማን ጋ ነው? ሴቲቱ ሳትሰለች መለሰችለት። ሥጋ በሳምንት ሁለቴ እንዳለ፣ ሽሮው ግን አንዳንድ ጊዜ እንደሚቀጥን፣ ጥፋቱም የእሷ ሳይሆን የብረት ድስቱ ማነስ እንደሆነ ነገረችው። አባቴ ሽሮው መቅጠኑን ስላልደበቀችው ወደዳት።

ክረምቱን አገሯ ያልሄደች አንዲት ተማሪም አስጠራችልን። ረዘም ያለች፣ ጥርሰ ፍንጭት ልጅ ናት፤ የአቦምሳ ልጅ ሆና ተገኘች። የአርሲ ሰው ስታይ አለቀሰች፤ ከዚያ በራሷ ሳቀች። አባቴ እሷንም ጠየቃት። ሲጨርሱ የት እንደሚመደቡ እንደማያውቁ፣ አንድ የምታውቃት ልጅ ከመኪና ወርዳ ሁለት ቀን በበቅሎ የሚያስኬድ ቦታ እንደደረሳት ነገረችን። ማታ ግን መብራት እስኪጠፋ ማጥናት ይቻላል፤ ተነሺ፣ ውኃ ቅጂ የሚል የለም። ከስንት ስንተኛ ወጥታ እንደገባች ስጠይቃት ከእኔም ዝቅ ያለ ደረጃ ነገረችኝ። ይህን የምላችሁ በሰው ውድቀት ለመደሰት አይደለም፤ ያን ቀን ግን ከምግብ የበለጠ የጠቀመኝ እሱ ነበር።

ፈተናው ጠዋት በጽሑፍ ተሰጠ። እንግሊዝኛው አስቸገረኝ፣ ሒሳቡ ደህና ነበር፣ ስለ ዓለም ወንዞች የተጠየቀውን ግማሹን አላውቀውም። ከሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ወደ ቃለ መጠይቅ ተጠራን። የወጥ ቤቷ ሴት በር ላይ አይታኝ «ሂን ሶዳቲን» አለችኝ፤ አትፍሪ ማለቷ ነው። እጄ ላይ ቆሎ አስጨበጠችኝ። ቆሎውን ይዤ ገባሁ፤ የት እንደማደርገው ስላላወቅሁ እስከ መጨረሻው ጨብጬው ነበር።

ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል። መካከል ያሉት ሽበታም ሰው ወረቀቴን አገላበጡና ከፍተኛም ዝቅተኛም ያገኘሁበት ትምህርት እንደሌለ ተናገሩ። ሁሉም ላይ መካከለኛ ነሽ አሉኝ። አዎን አልኩ።

«እንግዲያው» አሉ፣ «እኔ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነኝ። ሩብ ከግማሽ ለምን እንደሚያንስ አልገባኝም። አራት ከሁለት ይበልጣል፤ እንዴት አንድ አራተኛ ከአንድ ሁለተኛ ያንሳል? በይ አስረጂኝ።»

ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። እኔ ራሴ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ጠይቄው ነበር። ጎበዞቹ ወዲያው ገብቷቸው ሲያልፉ እኔ ሳምንት ሙሉ እዚያው ቆሜ ቀርቻለሁ። ስለዚህ የት ላይ እንደሚያደናቅፍ አውቃለሁ። ቁጥሩን ተውኩትና አንድ ቁና ገብስ አለ እንበል አልኳቸው። ለሁለት ወንድማማቾች ቢካፈል ለእያንዳንዱ ምን ያህል ይደርሳል? ሁለት ሌሎች ወንድሞች ድንገት ከመንገድ ቢገቡስ? ገብሱ አልጨመረም፤ የጨመረው ተካፋዩ ነው። አራት ማለት የገብሱ ብዛት ሳይሆን የአፉ ብዛት ነው። ይህን ስናገር የጨበጥኩትን ቆሎ ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግቼ እየከፋፈልኩ ነበር፤ ማድረጌን ያወቅሁት ከጨረስኩ በኋላ ነው። ደነገጥኩና ልሰበስበው ስል ሽበታሙ ሰውዬ እጃቸውን ዘርግተው ከአንዱ ክምር ሁለት ፍሬ አነሡና በሉ።

«ድርሻዬን ነው» አሉ።

ሌሎቹ ሳቁ። መውጣት እንደምችል ተነገረኝ።

ውጤቱ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በር ላይ ተለጠፈ። አባቴ ስሞቹ ወዳሉበት ቀርቦ ጣቱን ከሥራቸው እየጎተተ ማንበብ ጀመረ። እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ ጀርባውን አያለሁ። የመጀመሪያውን ረድፍ ጨረሰ። ወደ ሁለተኛው አለፈ። ሰዎች እየገፉት፣ እሱም ሳይነቃነቅ፣ በዚያ በሚያዘግም ንባቡ ስም በስም ወረደ። ሁለተኛው ረድፍ መካከል ላይ ጣቱ ቆመ። መልሶ አነበበው። ዞር ብሎ በሰዎቹ መካከል ፈለገኝና ሲያገኘኝ ራሱን አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ታች ወደ ላይ አደረገ።

ከዚያ ወጥቶ በግቢው ግንብ ሥር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጫማውን አወለቀ። ስንት ቀን እግሩን ሲያመው እንደቆየ አላውቅም፤ ተረከዙ ቆስሎ ነበር፣ አንድም ቀን አልተናገረም። እዚያው ተቀምጦ ከአንዲት ሴት የቁልቋል ፍሬ ገዛና እየላጠችልን በላን። ስንት እንደበላን አላስታውስም። አባቴ እኔ ጎበዝ ብሆን ኖሮ መንግሥት ይወስደኝ እንደነበር፣ እሱም ይህን ሁሉ አገር ሳያይ ይሞት እንደነበር ተናገረ። ከዚያ ጫማውን በእጁ እንዳንጠለጠለ ለወጥ ቤቷ ሴት ሊነግራት ሄደ።

አሰላ ስንገባ እናቴ በር ላይ ነበረች። ሐረር የሚለውን ስም ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችው ጅቡ ከተማ ውስጥ ይገባል ስለሚባለው ነገር ነው። ቀጥሎ እህቷን ሳታስቀይም ምን እንደምትላት ጠየቀች። አባቴ ያን ቀን ማታ በባቡሩ የነገረኝን ለእሷም ነገራት። አሥራ ስምንት ዓመት አብረው ሲኖሩ ሰምታው አታውቅም ነበር። እናቴ ቁጭ ብላ ሰማችው። በነጋታው ለእህቷ የምትልከውን ደብዳቤ እኔ እንድጽፍላት አደረገች፤ ልጅቱ በመንግሥት ያለክፍያ የምትማርበት ቦታ ስላገኘች እንዳትቀየሚኝ፣ ለአንቺም ሠራተኛ ከዚህ ፈልጌ እልክልሻለሁ አለች። እውነትም ላከችላት። አክስቴም አልተቀየመችም፤ በዓመቱ ለገና ሐረር ድረስ በሰው የሱፍ ሹራብ ልካልኛለች።

በማሠልጠኛው ስቆይ አንድም ጊዜ ከአንደኞቹ ተርታ አልገባሁም፤ ወደ ኋላም አልቀረሁም። ሽሮው በእርግጥም አንዳንዴ ይቀጥናል። የአቦምሳዋ ልጅ አልጋዋን ከእኔ አጠገብ አድርጋ ኖረች፤ እስከ ዛሬ እኅቴ ናት። ስንመረቅ ምደባ በሚነበብበት ቀን ሁላችንም ስለ ሁለት ቀን የበቅሎ መንገድ እናስብ ነበር። ስሜ ሲጠራ «ኦጎልቾ» ተባለ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ከትግራይ መጥታ የትም ብትደለደል ግድ የማይሰጣት ነበረችና የት ነው እያለች ትጠይቀኛለች። ኦጎልቾ ከአሰላ ወደ ቆላው ሲወርዱ ነው። ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ቢርቅ ኖሮም እሄድ ነበር፤ ግን ወደ አገሬ መልሰውኛል።

ትምህርት ቤቱ ሦስት ክፍል ነበር። ልጆቹ ከኦሮምኛ በቀር ስለማይሰሙ መጀመሪያዎቹን ወራት በሁለት ቋንቋ አስተምራለሁ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየሁ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው የራሴ ቁልፍ ነው።

በኅዳር እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ሐረር እያለሁ አንድም ቀን አልመጣችም ነበር፤ ርቀቱ ያስፈራት ነበር። አሁን በእህል መኪና ጋቢና ተቀምጣ፣ ፍራሽና አንድ እንስራ ቅቤ ይዛ ደረሰች። ክፍሉን ዞራ አየችው፤ በሩን ዘጋች፣ ከፈተች፤ መስኮቱን በእጇ ገፋ አድርጋ ሞከረችው። አንድ ቀን አድራ ልትመለስ ነበር ሐሳቧ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ተኝታ ነበር። ልጆቹን አሰናብቼ ስመለስም፣ ፀሐይ ከፍ ብላ፣ አሁንም ተኝታለች። እናቴን ረፋድ ላይ ተኝታ አይቻት አላውቅም። ደንግጬ ጠጋ ብዬ ትንፋሿን አዳመጥሁ። ደህና ናት፤ በሰላም ተኝታለች።

አልቀሰቀስኳትም፤ እዚህ ተነሺ የሚላት ሥራ የለም። ደብተሮቹን ይዤ ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁና ማረም ጀመርኩ። ከቀትር በኋላ ተነሥታ ፊቷን ታጥባ ስትወጣ፣ ከአከራዬ ጋር ስለ ዶሮ በኦሮምኛ ወሬ ያዙ። መኪናው ሊወስዳት ሲመጣ ለሹፌሩ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ አለችው።